ረጃጅም እግር ያላቸውን የውሃ ዳር ወፎች በተራ ዲጂታል ካሜራ ፎቶ ማንሳት

ሳቢሳ፣ ሽመላ፣ አባ ኮዳ፣ አይቢስ (መንቁሩ ወደ ታች የቆለመመው)፣ ስቲልት (እግሩ እንደ ስንጥር የቀጠነው ትንሽ ወፍ)፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ እየተራመዱ የሚመገቡ ወፎች ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከሌሎቹ ሁሉ ይመቻሉ። ብዙዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ የሚቆሙት ገላጣ ላይ ነው፣ ሲመገቡም አይቸኩሉም። ስለዚህ ውድ ሌንስ የግድ አይደለም። ዙሙ 20 ወይም 30 እጥፍ የሚደርስ፣ ሌንሱ የማይፈታ ተራ ካሜራ ጥሩ ፎቶ ያወጣል፤ ባለ 10 እጥፍ የኪስ ካሜራም ቢሆን ወፎቹ ሰው በለመዱበት ቦታ አያሳፍርም። ፎቶው የሚበላሸው በአብዛኛው በሌላ ምክንያት ነው፦ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች ሳያዩ በመቆም፣ ነጩን ላባ በማቃጠል እና ወፉ እስኪበር ድረስ በማሳደድ።

ሐይቁና ሰዓቱ

ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ብርሃኗ ወፉ ላይ ማረፍ አለበት። ተራ ካሜራ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን አይችልም፤ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ ወፉም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሰዓቱን የሚወስንልዎ እንግዲህ የቆሙበት ዳርቻ ወደየት እንደሚያይ ነው።

ሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ጠዋት በዳርቻው ካለው ከፍቅር ሐይቅ መዝናኛ ወይም ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሆነው ወደ ውሃው ሲዞሩ ፀሐይዋ ከኋላዎ ትወጣለች፤ ብርሃኑ በቀጥታ ወፉ ላይ ያርፋል። ማታ እዚያው ቢቆሙ ፀሐይዋ በፊትዎ ስለምትጠልቅ የሚያገኙት የወፍ ጥላ ብቻ ነው። ጥላው ራሱ ያምራል፣ ግን የላባ ዝርዝር አይጠብቁ። ዝዋይ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ባቱ ከተማ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ስላለች ከጀልባ መቆሚያው አካባቢ ለማንሳት የሚሻለው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ይህ ጥሩ ዕቅድ ይሆናል፦ ማታውን ባቱ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሐዋሳ። ባሕር ዳር ደግሞ ከጣና በስተደቡብ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ሐይቁ ሲዞሩ ከጀርባዎ ወይም ከጎንዎ ትሆናለች፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ያን ያህል አይመችም።

በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ የለሰለሰው ብርሃን አጭር ነው፤ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ማታ ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት ገደማ። ከ3 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይከርራል፣ የወፉ ዓይን በጥላ ይሸፈናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከሞቀው ጭቃ ላይ የሚነሣው የሙቀት ሞገድ ነው። በረጅም ዙም ሲታይ አየሩ ይርገበገባል፤ ፎከሱ ትክክል ሆኖ እንኳ ፎቶው የደበዘዘ ይሆናል። ብዙ ሰው ካሜራዬ ተበላሸ ብሎ የሚያስበው በዚህ ጊዜ ነው። ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይፈታውም፤ ወይ መቅረብ ወይ ጠዋት መምጣት ነው።

ስለ ወቅቱ፦ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ትናንሽ የጭቃ ዳር ወፎች ከእኛዎቹ ጋር ይቀላቀላሉ። በክረምት ውሃው ሞልቶ ጭቃማውን ዳርቻ ሲሸፍነው ወፎቹ በየረግረጉ ይበተናሉ። ሰማዩ ስስ ደመና የለበሰ ቀን ግን አያባክኑት፤ ለነጭ ወፍ ከፀሐይ ይልቅ ደመና ይሻላል፣ ረፋዱም ላይ መሥራት ያስችላል።

ከቤት ሳይወጡ ካሜራውን ማስተካከል

ሐይቁ ዳር ቆሞ ሜኑ መፈለግ ወፍ ማስበረር ነው። እነዚህን ማታውን ይጨርሱ፦

1. ዲጂታል ዙሙን ከሜኑ ውስጥ ያጥፉት። እርሱ የሌንስ ዙም አይደለም፤ ፎቶውን ቆርጦ ከማተለቅ ውጭ የሚጨምረው ነገር የለም። ያንን በኋላ ኮምፒዩተር ላይ በተሻለ ጥራት ይሠሩታል።

2. የፎቶውን መጠን ትልቁ ላይ፣ ጥራቱን «ፋይን» ላይ ያድርጉ። ሜሞሪ ካርዱ ቢያንስ «ክላስ 10» የሚል ይሁን፤ ዝግ ያለ ካርድ በተከታታይ ሲያነሱ ካሜራውን ለሰከንዶች ያደርቀዋል።

3. ፍላሹን፣ የቁልፍ ድምፁን እና ፎከስ ሲይዝ የሚበራውን ትንሽ ቀይ መብራት ያጥፉ።

4. ፎከሱን መሃል ላይ ባለ አንድ ነጥብ ያድርጉት። ካሜራው ራሱ ይምረጥ ከተባለ ቅርብ ያለውን ይይዛል፤ ይህም ከወፉ ፊት ያለው ቄጤማ ወይም ሸምበቆ ነው።

5. ተከታታይ የማንሻ ሞዱን ይክፈቱ። አንዴ ተጭኖ አምስትና ስድስት ፎቶ ማግኘት ወፉ ዓይኑን ያልጨፈነበትን ለመምረጥ ያስችላል።

6. ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) የፀሐይ ምልክቱ ላይ ያቁሙት። «አውቶ» ላይ ከተተወ የንጋቱን ወርቃማ ቀለም እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያጥበዋል።

7. አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከ100 እስከ 400 እንዲሆን ይገድቡት። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ 800 ላይ ላባው መበላሸት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ የውሃ ቀለም ሥዕል ይመስላል።

8. መምረጫው ላይ ካኖን ከሆነ «ቲቪ»፣ ኒኮን ወይም ሶኒ ከሆነ «ኤስ» የሚል ካለ እርሱን ይምረጡና የማንሻውን ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ላይ ያድርጉ። ከሌለ የስፖርት ሞዱ ይሠራል፤ የሯጭ ሥዕል ያለበት ነው። ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ስለሚቀንስ በጣም በማለዳ 1/500 ጨለማ ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ ለቆመ ወፍ ወደ 1/250 ይውረዱ።

ባትሪ ሁለት ይያዙ፤ ስክሪኑ ሲበራ የሚውል ካሜራ አንዱን በግማሽ ቀን ይጨርሳል። ለመደገፊያ ትራይፖድ ከመግዛት በፊት ከወፍራም ጨርቅ ከረጢት ሰፍተው አንድ ተኩል ኪሎ ያህል ሽምብራ ይሙሉበትና አፉን ይስፉት። በድንጋይ፣ በአጥር፣ በመኪና መስኮት ወይም በመሬት ላይ አድርገው ካሜራውን ሲያስቀምጡበት ተቀርጾ ይይዘዋል። ለዚህ ሥራ ከርካሽ ትራይፖድ ይበልጣል፤ ዝቅ ብለው እንዲያነሱ ያደርግዎታልና።

ነጩን ወፍ አለማቃጠል

ይህ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ነጭ ሳቢሳ ጥቁር ውሃ ውስጥ ቆሞ ክፈፉን አብዛኛውን የያዘው ውሃው ከሆነ ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ወፉ ላባ የሌለው ነጭ ወረቀት ይሆናል። የተቃጠለ ነጭ በኋላ በምንም አይመለስም፣ መረጃው አልተመዘገበምና።

መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ፀሐይ የመታው ነጭ ወፍ በጥቁር ውሃ ላይ ሲሆን ከ−0.7 ይጀምሩ። አንድ ፎቶ ያንሱና ስክሪኑ ላይ ያተልቁት፤ ደረቱ ላይ የላባው መስመር ካልታየ ወደ −1 ወይም −1.3 ይውረዱ። የፀሐይ ነጸብራቅ ስክሪኑን ስለሚያታልል በዓይን ግምት ብቻ አይመኑ፤ ካሜራው ሂስቶግራም (ከጨለማው በግራ እስከ ነጩ በቀኝ ብርሃኑን የሚያሳይ ግራፍ) ካለው ግራፉ በቀኝ በኩል ግድግዳውን አለመንካቱን ይዩ።

ነገሩ የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። ጥቁር ጀርባ ያለው አባ ኮዳ በሚያብረቀርቅ ውሃ ወይም በነጣ ሰማይ ፊት ሲቆም ካሜራው ብርሃን ይቀንስና ወፉን ያጠቁረዋል፤ እዚያ +0.7 ወይም +1 ያስፈልጋል። የነጩ አይቢስ ነገር ከባድ ነው፤ አካሉ ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር ስለሆነ ሁለቱንም ማዳን አይቻልም። ነጩን ያድኑ። የጨለመ ራስ በኋላ ትንሽ ይከፈታል፣ የተቃጠለ ጀርባ ግን አይድንም። ቦታ ሲቀይሩ ደግሞ ቁልፉን ወደ ዜሮ መመለስ እንዳይረሱ።

ምን ያህል መቅረብ ያስፈልጋል?

ሳይገምቱ ማስላት ይቻላል። ከወፉ ያለዎትን ርቀት በሜትር ወስደው በ24 ያባዙ፣ ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ያካፍሉ፤ የሚያገኙት በክፈፉ ውስጥ ከታች እስከ ላይ የሚገባው ቁመት በሜትር ነው። ሚሊ ሜትሩ ሌንሱ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ ማኑዋሉ ላይ ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጋር ሲነጻጸር ተብሎ የሚሰጠው ነው። ለምሳሌ በ600 ሚሊ ሜትር ከ50 ሜትር ላይ ሲያነሱ 2 ሜትር ይገባል። ግራጫ ሳቢሳ ቁመቱ አንድ ሜትር ስለሚጠጋ የክፈፉን ግማሽ ይይዛል፤ ይህ በቂ ነው። በ300 ሚሊ ሜትር ለዚያው ውጤት 25 ሜትር መድረስ ይኖርብዎታል። 40 ሴንቲ ሜትር የማይሞላው ስቲልት ደግሞ በ600ውም ቢሆን 20 ሜትር ይጠይቃል።

አቀራረብ

ወፉን እንዳዩ ካሉበት አንድ ፎቶ ያንሱ፤ ቢበርም ማስታወሻ ይቀርዎታል። ከዚያ በቀጥታ ወደ እርሱ አይሂዱ። በጎን እንደሚያልፍ ሰው አግድም እየተራመዱ፣ ፊትዎን ወደ ሌላ አድርገው፣ ጥቂት እርምጃ ሄደው እየቆሙ ይጠጉ። ሰማይ ከኋላዎ ሆኖ ቁመናዎ ጎልቶ እንዳይታይ ጎንበስ ይበሉ።

ወፉን ያንብቡት። መመገቡን አቁሞ አንገቱን ቀጥ ካደረገ አይቶዎታል፤ እዚያው ይቁሙ። ወደ ምግቡ ከተመለሰ መቀጠል ይችላሉ። ሰውነቱን ወደ ፊት አዘንብሎ ኩስ ከጣለ ሊበር ነው፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ ቢሉ አንዳንዴ ይረጋጋል። ሦስት ጊዜ የተነሣ ወፍ የዚያን ጠዋት አይጠጋም፣ በአካባቢው ያሉትንም ይዞ ይሄዳል።

ከመጠጋት የሚሻለው መቀመጥ ነው። እነዚህ ወፎች ዳርቻውን ተከትለው እየበሉ ይሄዳሉ። ወደየት እንደሚያመራ ለጥቂት ደቂቃ ይዩ፣ ራቅ ብለው ዞረው 50 ሜትር ያህል ይቅደሙት፣ ከቁጥቋጦ ወይም ከታሰረ ታንኳ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁ። ሃያ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሰው ከዳርቻው እንደ አንዱ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ ባለ 10 እጥፍ ዙም ያለው ካሜራ ባለ 40ውን ይበልጣል።

መንገዱ ውሃው ዳር የሚደርስ ከሆነ ከመኪና ሳይወርዱ ያንሱ፤ ወፎች መኪናን ከሰው ያነሰ ይፈራሉ። ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው፣ ንዝረቱ ፎቶውን ያደበዝዛል። በጀልባ ከሆነ ባለ ጀልባው 50 ሜትር ሲቀር ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባው በራሱ እንዲንሳፈፍ ይንገሩት። ጀልባ ስለሚወዛወዝ 1/1000 ሰከንድ ይጠቀሙ፣ ካሜራውንም ጠርዙ ላይ ሳይሆን በእጅዎ ይያዙት። ጉማሬ ባለበት ሁሉ ውሳኔው የባለ ጀልባው ነው።

አነሣሡ

የሌንሱ ቁመት ከወፉ ዓይን ቁመት ጋር ይስተካከል። ቆሞ ወደ ታች የተነሣ ፎቶ ጀርባው ጭቃ ብቻ ነው፤ ተንበርክከው ወይም ተኝተው ሲያነሱ ከወፉ ኋላ ያለው ውሃ ይርቅና ይለሰልሳል፣ ወፉ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ተራ ካሜራ ጀርባን ማደብዘዝ የሚችለው በዚህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ጃካና ግን ከዚህ ውጭ ናት፤ በውሃ ላይ ቅጠል ስለምትራመድ ዝቅ ካሉ ረጃጅም ጣቶቿን ቅጠሉ ይሸፍነዋል። እርሷን ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ያንሱ።

የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ተጭነው ፎከሱን ዓይኑ ላይ ያስይዙ፣ ሳይለቁ ክፈፉን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይጫኑ። ተራ ካሜራ ከመጫኑ እስከ ማንሣቱ ስለሚዘገይ በግማሽ ተጭኖ መጠበቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ወፉ ወደሚያይበት በኩል ቦታ ይተዉለት። እግሩን ጉልበቱ ላይ አይቁረጡት። ውሃው ጸጥ ካለ ከሥር ቦታ ጨምረው ነጸብራቁን በሙሉ ያስገቡ። የውሃው መስመር አግድም ቀጥ ይበል።

ጊዜውን የሚነግርዎ የአመጋገቡ ጠባይ ነው። ግራጫ ሳቢሳ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ይቆማል፤ አንገቱን ወደኋላ አጥፎ ወደ ፊት ማዘንበል ሲጀምር ተከታታዩን ይልቀቁት። ሲወጋ አይቶ መጫን አይቻልም፣ አልፏል። ካመለጠዎ አይዘኑ፤ ዓሣውን ከያዘ በኋላ በዓሣው ጭንቅላት በኩል ለመዋጥ እስኪያዞረው ጥቂት ሰከንድ በመንቁሩ ይይዘዋል፣ ምርጡ ፎቶም ያኔ ነው። ትንሹ ነጭ ሳቢሳ እግሩ ጥቁር፣ ጣቱ ቢጫ ነው። አንድ እግሩን ጭቃው ውስጥ እያንቀጠቀጠ ትናንሽ ዓሣዎችን ያስነሣል፣ ከዚያ በድንገት ክንፉን ከፍቶ ይሮጣል፤ ለእርሱ 1/1000 ያስፈልጋል። አይቢስ ራሱን ቀብሮ ስለሚፈልግ ሲያጎነብስ ፊልም አያባክኑ እንደሚባለው፣ ቀና እስኪል ይጠብቁት።

ለበረራ 1/1600 እና ከዚያ በላይ፣ ዙሙም በግማሽ። ሙሉ ዙም ላይ ወፉን ስክሪን ውስጥ ማግኘት ራሱ ይከብዳል። ወፍ የሚነሣውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው፤ ስለዚህ ነፋሱም ፀሐይዋም ከጀርባዎ ሲሆኑ ወደ እርስዎ ዞሮ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሣ ይህ ይበልጥ ይሠራል።

አሞራ ገደል

ሐዋሳ ያለው ይህ የዓሣ ገበያ ለኪስ ካሜራ የተሠራ ይመስላል። ጠዋት ታንኳዎቹ ሲገቡና ቆሮሶና አምባዛ ሲታረድ አባ ኮዳዎቹ ሁለትና ሦስት ሜትር ድረስ ይመጣሉ፤ ዙም አያስፈልግም ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ጀርባው ሰው፣ መረብና ፌስታል ይሞላበታል። አንዱን ወፍ ይምረጡና ከኋላው ውሃ ብቻ እስኪሆን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይዙሩ። መላጣ ራሱን፣ ከአንገቱ ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢትና ያንን ከባድ መንቁር ብቻ በቅርብ መያዝም ያምራል። ዓሣ አጥማጆቹንና ዓሣ የሚያጸዱትን ሰዎች ግን ሳያስፈቅዱ አያንሱ፣ ሥራቸውም ላይ አይቁሙ።

ጥንቃቄ

ባዶ እግር ወደ ውሃው አይግቡ፤ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ አለ። አባያና ጫሞ ዳር በአዞ ምክንያት መተኛትም መንበርከክም አይሞከርም። አብያታ ላይ ጨው የያዘው ዳርቻ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ ፍላሚንጎዎቹን ለመቅረብ ሲሉ ሰዎች እስከ ጉልበት ይሰምጣሉ። ከጠንካራው መሬት ሳይወጡ መንጋውን በሙሉ እንደ ሮዝ መስመር ያንሱት። የግድብና የድልድይ አካባቢ ከሆነ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ጥበቃውን ይጠይቁ።

ጎጆ አይጠጉ። እናቲቱ ከተነሣች እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ በፀሐይ ይጎዳል፣ ቁራና ጭልፊትም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ከሩቅ አንስተው በኋላ ይቁረጡት።

ከሌንሱ በርሜል ላይ አሸዋ ካለ ካሜራውን አያጥፉ፤ ሌንሱ ሲገባ አሸዋውን ይዞ ይገባና ይቆለፋል። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። የሚዘንብ ከሆነ ፌስታል ሌንሱ በሚወጣበት ልክ ቀድደው በላስቲክ ማሰር ይበቃል።

ቤት ሲደርሱ

ፎቶዎቹን በካሜራው ስክሪን አይሰርዙ፤ በትንሽ ስክሪን ጥርት ያለ የሚመስለው በትልቁ ይደበዝዛል፣ የተገላቢጦሹም አለ። ኮምፒዩተር ላይ ዓይኑን 100 በመቶ አተልቀው ይዩና ዓይኑ ያልጠራውን ይጣሉ። ቀጥሎ የውሃውን መስመር ያቅኑ፣ ከዚያ ይቁረጡ። ባለ 16 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶው 4608 በ3456 ገደማ ስለሆነ ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ቢቆርጡት እንኳ 20 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ በጥራት ይታተማል። ከዚያ ያለፈ ከተቆረጠ ለስልክ ስክሪን ብቻ ነው የሚሆነው። ምስሉን ጥርት የሚያደርገውን ማስተካከያ (ሻርፕኒንግ) በትንሹ ይንኩ፤ ከበዛ በወፉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይወጣል። ጥላውን ትንሽ ይክፈቱ፣ ነጩን ግን ባለበት ይተዉት።